ጨለማው ኩሽና

ሜትሩን በአንዱ ጫፍ እሷ ይዛለች፣ በሌላው ጫፍ እሱ። በመካከላቸው የተዘረጋው ቀጭን ቆርቆሮ ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል። የማን እጅ እንደሚያንቀጠቅጠው ግን ሁለቱም ለመናገር አልደፈሩም።

"ጠበቅ አድርገህ ያዘው እንጂ!" አለችው።

"ጠበቅ አድርጌ ነው የያዝኩት።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጠዋል?"

"ቤቱ ነዋ። ሽማግሌ ነው፣ ምን ይደረግ" አለና ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ።

ቆጡ ላይ ነበሩ። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በጣሪያው ሸክላ ስንጥቆች ሾልካ እየገባች በአቧራው ውስጥ ቀጫጭን የወርቅ ክሮች ትዘረጋለች። ክሮቹ አንዳንዴ እሱ ትከሻ ላይ ያርፋሉ፣ አንዳንዴ እሷ ፀጉር ላይ። እሱ ቁጥር ያነባል፤ እሷ ትጽፋለች። የጻፈችውን መልሳ ስታየው አንዳንዱ ልክ አልመጣ ይላታል። ዕድሜዋን ቤት ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ተሳስታ አታውቅም።

ወደዚህ የእርሻ ቤት የመጣችው ልታድነው ሳይሆን ልትሰናበተው ነበር። የቅርስ ጥበቃ ቢሮው ደንብ አለው። ያረጀ ቤት ከመፍረሱ በፊት ባለሙያ ሄዶ ይለካዋል፣ ይስለዋል፣ ወለሉንም ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን ያያል። ባለሙያው "ይህስ መፍረስ የለበትም" ብሎ ካልጻፈ በቀር፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እንዳሻው ያደርገዋል። እሷም ስንቱን ቤት እንዲህ ተሰናብታለች። ለክታ፣ ስላ፣ ዕቃዋን ሰብስባ ሄዳለች። ይኼኛው ግን እግሯን ያዛት።

ቤቱ አጥንቱ እንጨት ነው። በመጥረቢያ የተጠረቡ ወፋፍራም ምሰሶዎች፣ በእነሱ ላይ የተጋደሙ አግዳሚዎች፣ በመካከላቸው ደግሞ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት የጭራሮ ፍርግርግ። ከላይ እስከ ታች አንድ ሚስማር አይገኝበትም፤ እንጨቱን ከእንጨት ጋር የያዘው የእንጨት ችንካር ነው። ነፋስ ሲነሣ ቤቱ በሙሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ያቃስታል። እሷ ይህን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ እሱ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና መቆሟን ያያል።

እዚያ የሚኖሩት እናትና ልጅ ናቸው። ልጅየው ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ከብት ያረባል፣ ገብስ ያርሳል። ከቁመቱ የተነሣ አገሬው ዝግባ ይለዋል። በገዛ ቤቱ ሳያጎነብስ የሚያልፍበት አንድ በር የለም። እናቱ ደግሞ ለእንግዳዋ በመጣች ማግሥት ስም አወጡላት። የኩሽናውን ወለል አንሥታ ጉድጓድ ስትቆፍር ደረሱባትና፣ "ይቺ ቆፋሪ ደግሞ ከየት ተላከችብኝ!" አሉ። በዚያው ቆፋሪዋ ሆና ቀረች።

መጀመሪያ አካባቢ ዝግባና ቆፋሪዋ እርስዎ ይባባሉ ነበር። አንድ ቀን እሱ ቆጡ ላይ ግንባሩን ከአግዳሚ ጋር አጋጨና "ተጎዳህ?" የምትል ቃል ከአፏ አመለጠች። እሱም ግንባሩን እያሸ፣ "እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ግን ተጠንቀቂ" አላት። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ አንተና አንቺ፣ እናቱ ባሉበት ግን እንደ ቀድሞው እርስዎ ሆኑ። ማንም ያልመከረበት ነገር ነው። ደረጃውን ወርደው "እርስዎ" በተባባሉ ቁጥር ግን የሆነ ነገር ሰርቀው የመጡ ይመስል ሁለቱም ፊታቸው ይሞቃል።

ያን ዕለት ሜትሩን ጠቀለለችና መብራቷን ከአንድ ትልቅ አግዳሚ ጎን አስጠግታ ያዘች። ብርሃኑ በእንጨቱ ገጽ ላይ ሲንሸራተት ከዚያ በፊት ያልታዩ ጭረቶች ብቅ ብቅ አሉ።

"ና እስኪ፣ ይሄን እይ። አናጢዎቹ መሬት ላይ ገጣጥመው ከጨረሱ በኋላ ሲያቆሙት እንዳይምታታባቸው በየመጋጠሚያው ምልክት አድርገዋል። አንድ ጭረት፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሄዳል። ቤቱ መሐል ስንደርስ ግን እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል።"

"ምን ማለት ነው?"

"ሁለት ቤት ነው፣ ዝግባ። አንድ አይደለም።" ድምፅዋ ሳታውቀው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። "ይሄ የምሥራቁ ወገን የጣሪያው ወራጅ እንጨት ሁሉ ጥላሸት ጠጥቷል፤ ድሮ ቆጥ ሳይኖረው ከመሬት የሚነድ እሳት ነበረበት። ያኛው ወገን ደግሞ እንጨቱ ላይ ሥራ የሌላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሌላ ቦታ ቆሞ የነበረ ቤት ነው። አፍርሰው፣ ተሸክመው አምጥተው እዚህ ካለው ጋር አጋጥመውታል።"

እሱ እጁን ዘርግቶ መጋጠሚያውን ዳሰሰው። በዚያ ቤት ተወልዶ አድጎ፣ እዚያች ቦታ ላይ ስፌት መኖሩን አያውቅም ነበር።

"ማን ነው ያጋጠመው?"

"አይታወቅም። ከጭረት በቀር የጻፉት የለም።"

"ምናልባት ሁለት ሰዎች ተጋብተው ይሆናል" አለ። ብሎም ደነገጠ። ቃሉ ከአቧራው ጋር አየሩ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። እሷ ዓይኗን ሰበረች። መብራቱን ማጥፋት እንዳለባት ታውቃለች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት።

ከታች የእናቱ ድምፅ ተሰማ። "አንተ ልጅ! ባለወፍጮው መጥተዋል፣ ውረድ!"

ባለወፍጮው ለምን እንደሚመላለሱ ቆፋሪዋ ጠንቅቃ ታውቃለች። ሴት ልጃቸውን ለዝግባ ሊድሩ ከእናቱ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ልጄን እዚህ ጨለማ ውስጥ አልከትም፤ ይሄን አሮጌ ቤት አፍርሱና አዲስ ቤት ሥሩ" ብለዋል። እናትየውም ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ሰምተው አያውቁም። ዝግባ እሺም እምቢም አላለም። እናቱን አሳዝኖ የማያውቅ ሰው ዝም ሲል፣ ዝምታው እንደ እሺ ይቆጠርበታል።

ሊወርድ ሲል ጠራችው። "ያየሁትን መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩት ደግሞ ቢሮው እንዲፈርስ አይፈቅድም።"

ፊቱ ሲጠቁር አየች። "እናቴ..." ብሎ ጀመረና ተወው። አጎንብሶ በጠባቡ መውረጃ ገባ።

ሠርጉ ቀረብኝ ብሎ ነው የጠቆረው አለች በልቧ። እሱ ደግሞ ደረጃውን እየወረደ፣ ለካ ይቺ ሴት ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጠው እንጨቱን ብቻ ነው፣ ይል ነበር። በመካከላቸው አንድ የጣውላ ወለል ብቻ ነበረ፤ ለሁለቱም ግን ብዙ አገር የራቁ ያህል ተሰማቸው።

*

በማግሥቱ ዝናብ ነበር። ቆፋሪዋ ወደ ኩሽናው ስትገባ እናቱ በቀትር ፋኖስ አብርተው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ኩሽናው የቤቱ የኋላ ጥግ ነው። ብርሃን የሚያገኘው ከመተላለፊያው በር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ብዙ ዞሮ ደክሞ ነው የሚደርሰው።

"ልጄ ነገረኝ" አሉ ቀና ሳይሉ። "አታፈርሱትም ልትዪን ነው አሉ።"

"እማማ፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው።"

"እንግዲያው እኔም ያየሁትን ልንገርሽ። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለች።

"እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ማግሥት ጠዋት ነቅቼ ጨለማ ሲሆንብኝ፣ ገና ሌሊት ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። እስኪነጋ እየጠበቅሁ ነው እኮ! አማቴ መጥታ 'ምሳ ሰዓት ደርሶ ሙሽሪት ታንኮራፋለች' ብላ ጮኸችብኝ። አገር ሳቀብኝ። እኔም ያኔ ስቄአለሁ።" ቢላዋውን አስቀመጡ። "ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሙሉ በቀትር ፋኖስ እያበራሁ እዚች ቆሜአለሁ። አንድ መስኮት ብዬ ለመንኩ። የባሌ አባት 'የአባቶቼ ቤት አይነካም' አሉ። ባሌም ነፍሱን ይማረውና እንደ አባቱ 'ግድግዳው ይናዳል' አለኝ። እንዳይናድበት የፈራለት ግድግዳ እርጥበቱን እየተፋበት እዚያ ማዶ ክፍል ውስጥ ሲያስል ሲያስል አለቀ። ለአንቺ ታሪክ ነው፤ ገባኝ። ለእኔ ሳል ነው።"

ቆፋሪዋ ስለ ጭረቶቹ፣ ስለ ጥላሸቱ፣ ስለ ሁለቱ ቤቶች የተዘጋጀችው ሁሉ ከአፏ ላይ በነነ።

"እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ እናትየው፣ አሁን ዓይን ዓይኗን እያዩ። "እንዲህ የምትሳሺለት ከሆነ፣ አንቺ ትኖሪበታለሽ? ለመለካት አይደለም የምልሽ። ታጥቢበታለሽ? ልጅ ትወልጂበታለሽ? ታረጂበታለሽ?"

ያኔ ቤቱን አላየችም። ያየችው ጠዋት ጠዋት በዚያ በር አጎንብሶ የሚገባውን ሰው፣ ከእርጥብ ኮቱ ላይ የሚነሣውን የገብስ ሽታ፣ ራሱን ሲያጋጭ የሚስቀውን ሳቅ ነው። "እኖራለሁ" ብትል ለሌላ ሴት የታጨ ልጃቸውን ስጡኝ ማለት ይሆንባታል። "አልኖርም" ብትል ትዋሻለች። ዓይኗን ወደ ተከተፈው ሽንኩርት አወረደች።

ቀና ስትል ዝግባ በሩ ላይ ቆሟል። ትከሻው በዝናብ ርሷል። ጥያቄውን ሰምቷል፣ መልሱንም እየጠበቀ ነው። ጠበቀ። ፋኖሱ ውስጥ ያለችው ነበልባል አንዴ ዘመም ብላ ተመለሰች፤ አሁንም ጠበቀ። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲዘጋ አየችው።

"እማዬ፣ ተያቸው" አለ ረጋ ብሎ። "እሳቸው ሥራቸውን ጨርሰው የሚሄዱ ሰው ናቸው።"

እሳቸው። እናቱ ፊት የለመደችው አጠራር ነው፤ ዛሬ ግን በዚያች ቃል ያለቻትን ቦታ ሁሉ ነጠቃት። ዝናቡ ከውጭ ሳይሆን በደረቷ ውስጥ የሚዘንብ መሰላት።

*

ከዚያ በኋላ ሜትሩን ሊይዝላት አልመጣም። በእሱ ፈንታ አናጢውን ላከላት። አናጢው ከቅጥነቱ የተነሣ ጋሽ ችንካር የሚባሉ፣ ቤቱን ሊያፈርሱ የተቀጠሩ ሽማግሌ ናቸው።

"አየሽ፣ እኔ ስይዘው አይንቀጠቀጥም" አሏት ሜትሩን ወጠር አድርገው። ስቃ ልትመልስላቸው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። እሳቸውም ልብ ብለዋት ኖሮ፣ "ዝግባ ዛሬ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ወደ ባለወፍጮው ቤት ሲሄድ አየሁት" አሉ። "ሊቆርጠው ነው መሰለኝ።"

"ጥሩ ነው" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

የመጨረሻዋ ቀን ነበረች። የከተማው አውቶቡስ አመሻሹ ላይ በመንገዱ ያልፋል። ሻንጣዋ ተዘግቷል፣ ሥዕሎቿ ተጠቅልለዋል። የቀራት ከኩሽናው የኋላ ግድግዳ ትንሽ ምርጊት መውሰድ ብቻ ነው። እናትየው ፋኖሳቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። በርጩማ ላይ ቆማ፣ ከአግዳሚው ሥር ያለውን ልስን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ታደርግ ጀመር።

ጣቷ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ገባ።

አንድ ቀዳዳ ነው፣ አራት ማዕዘን፣ ከአግዳሚው ሆድ ላይ የተፈለፈለ። ትንሽ ራቅ ብላ ፋቀች። ሌላ ቀዳዳ። እኩል ርቀት ላይ ሌላ።  ምን እንደሆኑ ወዲያው አውቃቸዋለች። መስታወት በማይታወቅበት ዘመን መስኮት ሲሠራ ቀጫጭን ቋሚ እንጨቶች ከላይና ከታች በእንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ይሰኩ ነበር። እንጨቶቹ ተነቅለዋል፤ ቦታቸው በጭራሮና በጭቃ ተደፍኗል፤ በላዩ ላይ ትውልድ በትውልድ ላይ ለስኗል።

ቆፋሪዋ ዞር ብላ እናትየውን አየች። ሽንኩርት የሚከተፍበት ጠረጴዛ ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ነው።

"እማማ፣ ፋኖሱን ይያዙልኝ።"

"ደግሞ ምን ቆፈርሽ?"

"ይሄ ግድግዳ ሁልጊዜ ግድግዳ አልነበረም።" ጣቷን ወደ ቀዳዳዎቹ ቀሰረች። "መስኮት ነበር።"

እናትየው ፋኖሱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። "የቱ ጋ?"

"እዚህ። እርስዎ በሚቆሙበት ፊት ለፊት። ቤቱን ያቆሙት ሰዎች ሲጀምሩ ክፍት ትተውት ነበር። በኋላ የመጣ ሰው ነው የደፈነው።"

"ስንት ዓመት ለመንኩ..." አሉና አልጨረሱትም። 

ጋሽ ችንካር ተጠሩ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉት። "ይሄ መሐሉ ላይ ያለው ጭቃ ምንም አልተሸከመም" አሉ። "ክብደቱን የያዘው ላይኛው እንጨት ነው። ቢወጣ ቤቱ መውጣቱንም አያውቅ።"

ቆፋሪዋ ግድግዳውን ፎቶ አነሣችው፣ ለካችው፣ ከምርጊቱ ቆንጥራ በከረጢት አስቀመጠች። ከዚያ ብሩሿን አስቀምጣ መዶሻ አነሣች። "አለቃዬ ቢያየኝ ዛሬ ማታ ሥራ ፈላጊ ነኝ" አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

"ስጪኝ" አሉ እናትየው።

"እማማ፣ ከባድ ነው..."

"ስጪኝ አልኩሽ!"

ሰጠቻቸው። እናትየው መጀመሪያ የመቱት ምት የልጅ ነበር፤ ጭቃው ዝም ብሎ ዋጠው። ሁለተኛው ጠንከር አለ። ከዚያ ማንም ሊያስቆማቸው አልሞከረም። የሚመቱት ግድግዳውን ይሁን የባላቸውን አባት፣ ወይም ያን ሁሉ ዓመት፣ እሳቸው ብቻ ያውቁታል። የደረቀ ጭድ፣ አቧራ፣ የተሰባበረ ጭራሮ እግራቸው ሥር ተቆለለ። ድንገት አንዲት ቁራሽ ወደ ውጭ ወደቀች።

ብርሃኑ ገባ።

ውጭ የሰሞኑ ዝናብ ቆሞ ነበር። ከታጠበ ሰማይ የመጣ ንጹሕ ብርሃን ነው፤ አቧራውን ሰንጥቆ አለፈና መጀመሪያ የእናትየው እጅ ላይ አረፈ። እናትየው መዶሻውን ለቀቁት። እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው ገልበጥ መለስ እያደረጉ ያዩት ጀመር፤ ሰው አዲስ ዕቃ እንደሚያይ።

"እጄ እንዲህ ነው እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው። "አርጅቷልኮ። በፋኖስ አያስታውቅም ነበር።"

ቆፋሪዋ አልቻለችም። ሄዳ ያን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። እናትየው ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ አይለይም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነበር። ጋሽ ችንካር ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው የጎደለ ዕቃ እንደሚፈልጉ ሆኑ።

"ያን ቀን የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም" አሉ እናትየው በመጨረሻ።

"ከብዶኝ ነው፣ እማማ።"

"ቤቱ ነው የከበደሽ?"

አንገቷን ነቀነቀች። አይደለም።  የእናትየው ዓይን ቀስ እያለ ሰፋ፣ በአዲሱ ብርሃን ፊቷን አዩት፣ ሁሉንም አነበቡት።

"ውይ በሞትኩት" አሉ። "እኔ ስለ ግድግዳ የምጠይቃት መስሎኝ!"

*

ዝግባ የታጨደውን ማሳ አቋርጦ ወደ ቤቱ ሲመጣ ቀና ብሎ አየና እግሩ ቀጥ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ድፍን ሆኖ በሚያውቀው ግድግዳ ላይ የእናቱ ፊት አለ። በደህና ኮቱ እየሮጠ፣ እያዳለጠው መጣ።

"እማዬ! ግድግዳው ተናደ?"

"አልተናደም። ተከፈተ።" መሬቱ በዚያ በኩል ዝቅ ስለሚል እናቱ ክርናቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፈው ቁልቁል አዩት። ፀጉራቸው በአቧራ ነጥቷል፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቶ አያውቅም። "ምን አሉህ ባለወፍጮው?"

"እነሱ ምንም አላሉኝም። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አይሆንም አልኩ።"

"እኔን ሳትጠይቅ?"

"ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።"

"እልሃለሁ እንጂ!" አሉና ጥቂት አሰቡ። "ልጅቷስ? ተቀየመችህ?"

"በሩ ድረስ ሸኘችኝና፣ 'እግዜር ይስጥህ፣ እኔም የምወደው ሰው አለኝ' አለችኝ።"

ከውስጥ የጋሽ ችንካር ሳቅ ፈነዳ። እናትየውም ላለመሳቅ ታግለው ተሸነፉ። ከዚያ ኮስተር አሉ። "ስማ። ቤቱ ይቁም፤ እሺ ብያለሁ። ግን የኔ ወለል ይድረቅልኝ፣ ጭሱ መውጫ ይሠራለት፣ የአባትህ ክፍል ያ እርጥብ ግድግዳው ይነሣ። ይቺ ልጅ ለቢሮዋ እንደዚያ ብላ ትጽፍልኛለች። አይደለም እንዴ? የት ሄደች?"

ቆፋሪዋ በዋናው በር ወጥታ በቤቱ ጎን ዞራ መጥታ ነበር። ጉንጯ ላይ ጭቃ፣ ፀጉሯ ውስጥ ጭድ አለ። እሱ ሲያያት የተዘጋጀበት ቃል ሁሉ ጠፋው። ከሩቅ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ሁለቱም ሰሙት። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ስላንቺ ብዬ አይደለም እምቢ ያልኩት" አለ። እናቱ ከላይ እየሰሙ "አንቺ" ማለቱን ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። አልመለሰውምም። "አንቺማ ያን ቀን መልሰሽልኛል። ዝም ስትዪ ገብቶኛል። እኔ የማልወዳትን ሰው ላታልል ስለማልችል ነው።"

"ምንም አልገባህም።"

"ምን?"

"ዝም ያልኩት መልስ ስላልነበረኝ አይደለም። እንድመልስለት የምፈልገው ሰው ስላልጠየቀኝ ነው። የጠየቁኝ እናትህ ናቸው። አንተ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

ነፋስ ተነሣ። ቤቱ በሙሉ፣ ሁለቱም ወገኑ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ አቃሰተ። በዚህ ጊዜ ግን ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እሱን እያየች ነበር።

ዝግባ አንድ እርምጃ ቀረበ። ትልቁ ሰውዬ ትንፋሽ አጠረው። "ትኖሪበታለሽ?" አለ። "ከእኔ ጋር?"

"ጣሪያው ያፈሳል።"

"አውቃለሁ።"

"ደረጃው አንገት ይሰብራል።"

"አውቃለሁ።"

"ሥራዬ ከተማ ነው፤ በየሳምንቱ መመላለስ ይኖርብኛል። ስመጣም ዝም ብዬ አልቀመጥም፤ ሲያሰኘኝ ወለልህን እቆፍራለሁ።"

"ቆፍሪው። ሁሉንም ቆፍሪው።"

እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ኮቱ ላይ የጭቃ አሻራ ትተው ደረቱ ላይ አረፉ። ከሥራቸው ልቡ እንዴት እንደሚመታ ተሰማት። ስንት ምሰሶ መታ መታ አድርጋ፣ ስንት ግድግዳ ጆሮዋን ለጥፋ አዳምጣለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምታ አታውቅም።

"እኖርበታለሁ" አለች። ድምፅዋ ከመውጣቱ ጠፋ።

"ምን አለች?" አሉ እናትየው ከላይ፣ ግማሽ ሰውነታቸው በመስኮቱ ወጥቶ። "አልሰማሁም! ጮክ በሉ እንጂ! ምን አለች?"

ጮክ ብሎ የሚነግራቸው ግን አላገኙም። አንደኛው ፊቱን በሌላኛዋ ፀጉር ውስጥ፣ በጭዱና በአቧራው መሐል ቀብሮ ነበር። እሷም ስትስቅ እንባዋ እየወረደ፣ ለአውቶቡሱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በሁለት እጇ ኮቱን ጨምድዳ ይዛ ነበር።